በሁዳዴ ሥጋ መጥበስ

ሁዳዴ በገባ ቁጥር በወጣቶች የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናታችን አንድ ጥያቄ አይቀርም። «እኛ በክርስቶስ ነፃ ወጥተን የለ እንዴ? ታዲያ ሥጋ ስንጠብስ በርና መስኮት የምንዘጋው ማንን ፈርተን ነው?»

ጥያቄውን እወደዋለሁ። የሚጠይቁት ልጆች አብዛኞቹ ከኦርቶዶክስ ቤት የወጡ ናቸው። እናቶቻቸው እስከ 9 ሰዓት እህል አይቀምሱም። እኔም እንደነሱ ነኝ። እናቴ 55ቱን ቀን ትጾማለች። ጾሙን እኔ ጋ ስታሳልፍ ሥጋ ወደ ቤቴ አይገባም። ልጆቼም ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ የሱፍ ፍትፍት ይበላሉ። ማንም አላስገደደኝም። እናቴ ራሷ «ኧረ ልጆቹ ወተት ይጠጡ፣ እኔ ምን ቸገረኝ» ነው የምትለው። ግን ኮንዶሚኒየም ውስጥ የአንዱ ቤት ጥብስ የሁሉም ቤት ጥብስ ነው። ከኛ በላይ ያሉት እማማ ከቅዳሴ ደክሟቸው ደረጃውን ሲወጡ ያ ሽታ እንዲቀበላቸው አልፈልግም።

ይህ ፍርሃት ነው? ወጣቶቹ አዎ ይላሉ። እኔ አይደለም እላለሁ። ምክንያቴን ከቆሮንቶስ ልጀምር።

ቆሮንቶስ ቤተ ጣዖት የሞላባት ከተማ ነበረች። የግሪኮች የፈውስ አምላክ በነበረው በአስክሊፒዮስ መቅደስ ፍርስራሽ ውስጥ የመመገቢያ ክፍሎች ተገኝተዋል። ሰው እዚያ ይጋበዝ ነበር፤ ለጣዖት ከተሠዋውም ሥጋ ገበያ የሚወጣ ነበር። እኛ አገር በሙስሊም ታረደ፣ በክርስቲያን ታረደ ብሎ መጠየቅ የተለመደ ስለሆነ ጉዳዩ ለመረዳት አያስቸግረንም። በከተማዋ ያሉ ክርስቲያኖች ይህን ሥጋ እንብላ ወይስ አንብላ ሲሉ ሐዋርያው ጳውሎስ በደብዳቤው የሰጣቸው መልስ ድፍረት አለው። ገበያ የተሸጠውን ሳትመረምሩ ብሉ ይላል። ያላመነ ሰው ቢጋብዝህ ያቀረበልህን ብላ። ነገር ግን አንዱ «ይህ ለጣዖት የተሠዋ ነው» ካለህ ተወው። ስለ ማን ሕሊና? ስለ ራስህ አይደለም፤ ስለዚያ ሰው ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ጊዜ የምናልፈው ነገር አለ። ጳውሎስ በሐሳብ ደረጃ ከበላተኞቹ ጋር ነው። ጣዖት ከንቱ እንደሆነ፣ ምግብ ወደ እግዚአብሔር እንደማያቀርበን ያውቃል። ክርክሩን አሸንፈዋል ማለት ነው። እሱ የሚጠይቃቸው ሌላ ነገር ነው፦ አንተ በእውቀትህ ስትበላ አይቶ፣ ሕሊናው እየወቀሰው የሚበላው ወንድምህስ? ክርስቶስ ለእሱም ሞቷል። ከዚያ ቀጥሎ ወደ ራሱ ይመጣል። ወንጌል የሚሰብክ ከወንጌል የመኖር መብት አለው፤ እሱ ግን በዚያች ከተማ ድንኳን እየሰፋ ነው የኖረው። መብቱን አልካደም፤ አልተጠቀመበትም እንጂ።

ይህ ነገር ከመጽሐፍ ወጥቶ የገባኝ በአንድ ልጅ ምክንያት ነው። ጌታን ካገኘ ብዙም አልቆየም። አንዳንድ አገልጋዮች በጾም ወራት ፌስቡክ ላይ የለጠፉትን ዶሮ ወጥ አይቶ ነበር። ክፍለ ሀገር ቤተሰቦቹ ጋ ሄደና በጾሙ መካከል እናቱን እንቁላል ጥበሺልኝ አላት። አባቱ የመለሱለት አንድ ነገር ነው። «ጴንጤ የሆንከው ሥጋ ለመብላት ነው እንዴ?» እኚህ አባት ስለ ክርስቶስ ጸጋ ከልጃቸው አንድ ቃል ሳይሰሙ በሩ ተዘጋ። ልጁ ክፉ አላሰበም። ያየውን ነው ያደረገው። ሰው ከመሪው ድርጊቱን ይወስዳል፤ ከድርጊቱ ጀርባ ያለውን የዓመታት ንባብና ጸሎት ግን አብሮ አይወስድም።

መጠጥ ላይም አቋሜ ያው ነው። አንድ ብርጭቆ ወይን ኃጢአት ነው ብዬ ከመጽሐፍ ቅዱስ ማስተማር አልችልም። ግን ከመካከላችን ከአረቄ ቤት ተጎትቶ የወጣ ወንድም አለ። ሰርግ ላይ ፊት ለፊቴ ሊቀመጥ ይችላል። ስለዚህ አልጠጣም።

በጾም ሥጋ መብላት ላይ የተጨቃጨቅነው እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በማርች 1522 በስዊዘርላንድ ዙሪክ ውስጥ ፍሮሻወር በሚባል አታሚ ቤት በዐቢይ ጾም ቋሊማ ተበላ። ከተማው ታመሰ። ቄሱ ዝዊንግሊ እዚያው ነበር፤ አልቀመሰም፤ በኋላ ግን የበሉትን ደግፎ ሰበከ። በዚያው ወር በጀርመን የቤተ ክርስቲያንን ተሐድሶ የጀመረው ሉተር ወደ ከተማው ወደ ዊተንበርግ ተመለሰ። እሱ በሌለበት ሰዎች የቤተ ክርስቲያኑን ለውጥ በግድ ሲያጣድፉት ነበር። ስምንት ቀን በተከታታይ ሰበከላቸው። መብላት ትችላላችሁ፣ ግን ገና ያልጠነከረውን ታገሡት አላቸው። በሕግ ሊያስገድዳችሁ የሚመጣውን ግን እምቢ በሉት። ለኛ ሰፈር የሚቀርበው የዊተንበርጉ ይመስለኛል።

ወጣቶቹ እዚህ ላይ ያቆሙኛል፤ ልክም ናቸው። «እሺ፣ ሁልጊዜ ለሌላው እየተውን ነጻነቱ የት አለ?» ጳውሎስ ራሱ ሁሌ አልተወም። በአካባቢው ስላሉት አይሁድ ብሎ ጢሞቴዎስን ገረዘው። ቲቶ ላይ ግን ግዝረቱ የመዳን ጥያቄ ሆኖ ሲመጣ ለአንድ ሰዓት እንኳ አልተበገረም። አንጾኪያ ላይ ደግሞ ጴጥሮስ ከአሕዛብ ጋር መብላቱን ሰዎችን ፈርቶ ሲያቆም ጳውሎስ በሁሉ ፊት ገሠጸው። ምክንያቱም በርናባስ እንኳ አይቶ ተከተለው። መተውም ምሳሌ ነው፤ ሰውን ሊያጠፋም ይችላል።

ስለዚህ ለእናቴ ብዬ እተዋለሁ። ነገር ግን ልጄን «በጾም ሥጋ ከበላሽ አትድኚም» የሚላት ሰው ቢመጣ፣ ያን ቀን እቤቴ ጥብስ ይጠበሳል፤ ልጄም አብራኝ ትበላለች።

ዘንድሮ አብረውኝ የሚመሩትን ወንድሞችና እህቶች በሁዳዴ የምግብ ፎቶ እንዳይለጥፉ ጠይቄያለሁ። ብዙዎቹ እሺ አሉኝ። አንዱ ግን አልተስማማም። «ዛሬ ፎቶውን ከተውን ነገ ለምን አልጾማችሁም ሲሉን ምን እንላለን?» አለኝ። ስጋቱ የአንጾኪያው ስጋት ስለሆነ አቃልዬ ልመልስለት አልፈለግሁም። በሚቀጥለው ጥናት ስለ ምግብና በእምነት ስለ ደከመ ወንድም የሚናገረውን ሮሜ 14ን እሱ ያስተምራል፤ እኔ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።