ለኮረብታው የሚያጎነብስ አዳራሽ

አንድ የኮንሰርት አዳራሽ ከመልክዓ ምድሩ ጋር ተስማማ ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚወራው ከውጭ ስለሚታየው ቅርጹ ነው። እኔ ግን ስምምነቱ አስቀድሞ በጆሮ መለካት አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ይህን እምነቴን ያጸናልኝም በኖርዌይ፣ በበርገን ከተማ የሚገኘው ትንሹ የትሮልድሳለን አዳራሽ ነው።

ግቢው ትሮልድሃውገን ይባላል። የሙዚቃ ቀማሪው ኤድቫርድ ግሪግ እ.ኤ.አ. በ1885 መኖሪያው ያደረገው ሲሆን፣ በ1891 ከሐይቁ ዳር ያሠራት የሥራ ጎጆውም፣ ከባለቤቱ ከኒና ጋር ያረፈበት በገደሉ አለት ውስጥ የተፈለፈለው መቃብሩም እዚያው ናቸው። በእንዲህ ያለ ቦታ ላይ 200 ሰው የሚይዝ አዳራሽ መጨመር ያስፈራል፤ ጥቂት ከፍ ቢል እንኳ የቆየውን ሁሉ ይጋርዳል።

በ1985 የተሠራው አዳራሽ መፍትሔውን ያገኘው ዝቅ በማለት ነው። ቁልቁለቱን ተከትሎ ወደ መሬቱ ገባ ብሏል፤ ጣሪያውም ሣር ለብሷል። ሣሩ ታጭዶ የደረቀ ሳይሆን በአፈር ላይ ሥር ሰዶ የሚያድግ ነው፤ የአገሩ ገበሬዎች ከጥንት ጀምሮ ቤታቸውን በዚህ መንገድ ሲከድኑ ውሃ እንዳይሰርግ ከአፈሩ ሥር የበርች ዛፍ ቅርፊት ያነጥፉ ነበር።

በርገን በዓመት ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚዘንብባት ከተማ ናት። ስስ ቆርቆሮ በጠብታ ሲመታ እንደ ከበሮ ይርገበገባል፤ የአፈር ክብደት ግን ንዝረቱን ያፍነዋል። ፒያኖ ተጫዋች ጣቱን በቀስታ አሳርፎ የሚያወጣው ድምፅ የሚደመጠው እንዲህ ባለ ጸጥታ ውስጥ ነው፤ ለዓይን ሲባል የተሠራ የሚመስለው ጣሪያ ለጆሮም ይሠራል።

ከመድረኩ በስተጀርባ ያለው ትልቅ መስኮት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። መስታወት ቀጫጭን ድምፆችን አጥርቶ ሲመልስ፣ ጎርናናዎቹን እየተንቀጠቀጠ ይውጣቸዋል፤ ከፊት ለፊቱ ሌላ ልሙጥና ጠንካራ ግድግዳ ካለ ደግሞ ድምፁ በሁለቱ መካከል እየተመላለሰ እንደ ገደል ማሚቶ ያስቸግራል። ስለዚህ መስኮት በኮንሰርት አዳራሽ ውስጥ በቂ ምክንያት ሊኖረው ይገባል። መስኮት የአድማጩን ሐሳብ ይበትናል የሚሉም አሉ፤ በብዙ አዳራሽ እውነታቸውን ይሆናል። በትሮልድሳለን ግን አድማጩ ከፒያኖው ባሻገር የሚያየው ቀማሪው ይሠራባት የነበረችውን ጎጆና ከበስተኋላዋ የተዘረጋውን ሐይቅ ነው።