ሎጉ ለምን ባዶ ሆነ?

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ያለ የአንድ ቢሮ ሰርቨር በየሌሊቱ 8 ሰዓት ሰነዶቹን በታር (ፋይሎችን ወደ አንድ ፋይል በሚጠቀልል ፕሮግራም) ጠቅልሎ ወደ ሁለተኛ ዲስክ እንዲገለብጥ ክሮን (ሥራን በተቀጠረለት ሰዓት የሚያስነሳ ፕሮግራም) ላይ ተይዞለታል። ክሮንታቡ (የክሮን የቀጠሮ ፋይል) ላይ የሚጻፈው 2 ነው፤ በእኛ ሰዓት አስቦ 8 የጻፈ ሰው ባክአፑን ጠዋት 2 ሰዓት፣ ሠራተኛ ሲገባ ያስነሳዋል።

አንድ ቀን የጠፋ ሰነድ ለመመለስ ሁለተኛው ዲስክ ተከፈተ። የአንዳንዱ ቀን ፋይል ጥቂት ኪሎባይት ብቻ፣ የአንዳንዱ ቀን ጭራሽ የለም። ዋናው ዲስክ ላይ ያለው ግን ሙሉ ነው።

«ጋሼ፣ ይዩት፣ በእጄ ሳስነሳው በደንብ ይሠራል» አለ ወጣቱ ቴክኒሺያን። እውነቱን ነው።

ፍንጩ ያለው ሎጉ (የሥራው መልእክቶች የሚመዘገቡበት ፋይል) ላይ ነው። ታር ሙሉ አድራሻ ሲሰጠው ከስሞቹ ፊት «/»ን ማንሳቱን ሁልጊዜ በአንድ መስመር ያሳውቃል። ሎጉ ላይ ግን ያቺ መስመር እንኳ የለችም።

ስክሪፕቱ (ትእዛዞቹ የተጻፉበት ፋይል) በመጀመሪያ መስመሩ በ«#!» ባሽን፣ ማለትም ትእዛዝ ከሚያነብቡት ፕሮግራሞች (ሼሎች) አንዱን፣ ይጠራል፤ በእጅ ሲነሳ የሚሠራውም ለዚህ ነው፤ ክሮንታቡ ላይ ግን ከስሙ ፊት «ኤስኤች» የሚል ቃል አለ፣ ያኔ የ«#!» መስመር ተራ ማስታወሻ ሆኖ ይቀራል። ኡቡንቱ ላይ ደግሞ ኤስኤች ማለት ከ2006 ጀምሮ ዳሽ የተባለ ሌላ ሼል ነው። የታሩ መስመር መጨረሻ ላይ «&>» ተጽፏል። ባሽ ውጤቱንም ስህተቱንም ወደ ሎጉ ይልካል። ዳሽ «&» ላይ ትእዛዙን ይቆርጥና ታርን ከጀርባ ይለቀዋል፤ የቀረው «>» ሎጉን ባዶ ያደርጋል። ታር ገና ሲጀምር ቅጂው ይካሄዳል፤ ስለዚህ ወደ ሁለተኛው ዲስክ የሚሄደው ያላለቀ ፋይል ነው፣ ወይም ምንም አይሄድም። የስህተት መልእክቶቹን ክሮን በኢሜይል ሊልክ ይሞክራል፤ ሰርቨሩ ላይ የኢሜይል ፕሮግራም ስለሌለ ይጥላቸዋል።

ስህተቱ ዳሽ የማያውቀው የባሽ ምልክት «[[» ቢሆን ኖሮ ዳሽ «አላገኘሁም» ይል ነበር። «&>» ግን ለዳሽም ትክክለኛ ሰዋስው ስለሆነ ድምፅ የለውም፤ ስክሪፕቱን ሳያስኬድ ሰዋስውን ብቻ በሚያየው «-n» መፈተሽም አይዘውም። ሼልቼክ የተባለው የስክሪፕት ስህተት ፈላጊ ፕሮግራም ይይዘዋል፣ ስክሪፕቱን እንደ ኤስኤች እንዲያነበው ከታዘዘ።

ክሮንታቡ አናት ላይ ሼሉን ወደ ባሽ መቀየር እዚህ አይረዳም፤ «ኤስኤች» የሚለው ቃል እዚያው እስካለ ድረስ ስክሪፕቱን የሚያነበው ዳሽ ነው። ቃሉ ወጣ፣ ስክሪፕቱ የመሮጥ ፈቃድ ተሰጠው፣ «&>»ም በሁለቱም ሼል በሚሠራው ተተካ፦ መጀመሪያ «>» ከሎጉ ስም ጋር፣ ቀጥሎ ስህተቱንም ወደዚያው የሚልከው «2>&1»። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ስህተቱ ሎጉ ውስጥ አይገባም።

በማግስቱ ጠዋት ያቺ የታር መስመር ሎጉ ላይ ቁጭ ብላለች፤ የሁለቱ ዲስኮች ፋይልም በባይት እኩል ነው።