የ191 ዓመቱ ቦክሰኛ

የእህቴ ልጅ የቤት ሥራ ትዝ የሚላት ፒጃማዋን ከለበሰች በኋላ ነው። ባለፈው ማክሰኞም ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ደወለችልኝ።

«አጎቴ፣ ስለ አንድ የድሮ ስፖርተኛ ጽፋችሁ ኑ ተብለናል።»

«ለመቼ?»

«ለነገ።»

በቤተሰባችን ውስጥ «ስፖርት አዋቂ» የሚል ማዕረግ አለኝ። ማን እንደሰጠኝ አላስታውስም፤ ራሴው ሳልሆን አልቀርም። ስለዚህ አላቅማማሁም። «መሐመድ አሊን እንሥራ» አልኳት። «ማን ነው እሱ?» አለች። ደሜ ፈላ። «አንቺ ተኚ፣ እኔ ጽፌ እልክልሻለሁ፤ ጠዋት በእጅሽ ትገለብጪዋለሽ» አልኳት። (አዎ፣ ልጅ እንዲህ እንደማይረዳ አውቃለሁ። አሁን ስለሱ አንነጋገር።)

የቦክሱን ነገር በቃሌ አውቀዋለሁ። የጎደለኝ ልደቱና ልጅነቱ ብቻ ነው። አልጋዬ ላይ ተጋድሜ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ስልኬ ላይ «መሐመድ አሊ የት ተወለደ» ብዬ ጻፍኩ። ቀድሞ የመጣውን ገልብጬ የራሴን ከታች ቀጠልኩበት። ሳላነበው ላክሁትና ተኛሁ።

በማግስቱ የእህቴ ልጅ ከሰሌዳው ፊት ቆማ ያነበበችው ይኸው፦

«መሐመድ አሊ በ1769 ካቫላ በምትባል የወደብ ከተማ ተወለደ። በ1805 የግብፅ ገዢ ሆነ። በ1811 ተቀናቃኞቹን ማምሉኮችን ለክብረ በዓል ብሎ ጠርቶ ካይሮ ምሽግ ውስጥ አስፈጃቸው። በ1820 ጦሩን ወደ ሱዳን አዘመተ። በ1960 በሮም ኦሊምፒክ በቦክስ የወርቅ ሜዳሊያ አገኘ።»

ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ግን በእኛም ብታሰሉት ሰውዬው ሪንግ ውስጥ የገባው በ191 ዓመቱ ነው።

አንዱ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «እሱ 191 ዓመቱ ከሆነ የተሸነፈው ሰውዬ ስንት ዓመቱ ነበር?» ብሎ ጠየቀ አሉ። ሌላዋ ደግሞ ጥርስ ይኑረው አይኑረው ማወቅ ፈለገች። የእህቴ ልጅ የምታደርገው ቢጠፋት «አጎቴን ልጠይቀው» ብላ ተቀመጠች።

ምሳ ሰዓት ላይ እህቴ ደወለች። «አንተ!» አለች። ከዚያ ዝም። ታላቅ እህት ያለው ሰው ይህን ዝምታ ያውቀዋል።

«ምነው?»

«ልጄን በክፍሉ ፊት ምንድን ነው ያስነበብካት?»

መምህሩ ደብተሯ ላይ በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «ሁለቱም ትልልቅ ሰዎች ናቸው። አንዱን ምረጪ። ፍንጭ፦ ቦክሰኛው ሲወለድ ስሙ ካሲየስ ክሌይ ነበር።»

እንዲህ ያለ የጨዋ ስድብ ሰምቼ አላውቅም።

ለማካካስ ቆርጬ ተነሳሁ። በዚህኛው ቀን ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ሁለቱንም ዓይኖቼን ከፍቼ «ካሲየስ ክሌይ» ብዬ ፈለግሁ። መጣ። ካሲየስ ማርሴለስ ክሌይ፣ የኬንታኪ ሰው። ቦክሰኛው የኬንታኪ ልጅ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሙሉ ስሙም ይኸው ነው። ከዚህ በላይ ምን ማረጋገጫ አለ? ማንበቤን ቀጠልኩ። ባርነትን በጽኑ የተቃወመ፣ በዚያው የተነሳ ጋዜጣ ያቋቋመ፣ ሊንከን ወደ ሩሲያ መልእክተኛ አድርጎ የላከው። «ለካ ዲፕሎማትም ነበር!» ብዬ ተደነቅሁ። እንዲያውም «አያችሁ፣ ስፖርተኛ ሁሉ ጉልበት ብቻ አይደለም» የምትል የራሴን ማብራሪያ አከልኩበት።

ላክሁላት። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ደወለች።

«አጎቴ፣ ይሄኛውም ሽማግሌ ነው።»

«እንዴት?»

«1810 ነዋ የተወለደው። ሮም ላይ 150 ዓመቱ ነው።» ትንሽ አሰብ አድርጋ ጨመረች፦ «ግን ከትናንቱ በ41 ዓመት ያንሳል።»

ልታጽናናኝ ነው እንግዲህ።

ነገሩ የገባኝ በዚያ ማታ፣ ቁጭ ብዬ እንደ ሰው ሳነብ ነው። ያ ፖለቲከኛ ለቦክሰኛው ሞክሼ ብቻ አይደለም። የቦክሰኛው አባት ስሙን ያገኘው ከሱ ነው፤ ልጁም የአባቱን ስም ወረሰ። ልጁ በ1964፣ በ22 ዓመቱ፣ ሶኒ ሊስተንን ጥሎ የዓለም ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። ወዲያው «ይሄ የባርነት ስም ነው» ብሎ አውልቆ ጣለው። አስቡት፣ ስሙ የመጣው ባርነትን ሲታገል ከኖረ ሰው ነው! ከዚያ መሐመድ አሊ ተባለ። እዚያ ደግሞ የግብፁ ፓሻ ከመቶ ዓመት በፊት ቦታውን ይዞ ጠበቀው። የፓኪስታኑ መሥራች መሐመድ አሊ ጂናም አለ። ሰውዬው በሕይወቱ ሁለት ስም ነበረው፤ ሁለቱም ባለቤት የነበራቸው። ታዲያ እኔ ብሳሳት ምን ይገርማል?

ይህንኑ ለእህቴ አስረዳኋት። ብራዚሎችንም ጠራሁላት። በ1994ቱ የዓለም ዋንጫ ቡድናቸው ውስጥ ሁለት ሮናልዶ ሲገጥማቸው ትልቁን ሮናልዳኦ፣ የ17 ዓመቱን ልጅ ሮናልዲኒዮ አሏቸው። «ትልቁ ሮናልዶ»፣ «ትንሹ ሮናልዶ» እንደማለት ነው። ያ ትንሹ አድጎ የምናውቀው ሮናልዶ ሆነ። ከዚያ እውነተኛው ሮናልዲኒዮ መጣ፤ የሱም ስም ሮናልዶ ነው። በመጨረሻ ደግሞ ፖርቹጋላዊው፣ አባቱ በሮናልድ ሬገን ስም የሰየመው።

«ጨረስክ?» አለች እህቴ።

«ቦክሰኛው ጆርጅ ፎርማን ደግሞ አምስቱንም ወንዶች ልጆቹን ጆርጅ ብሎ...»

ስልኩ ተዘጋ።

ጽሑፉ በሦስተኛው ሙከራ ተስተካከለ። 1942፣ ሉዊቪል። ሮም ላይ በ18 ዓመቱ ወርቅ። በ1967 ቬትናም አልዘምትም በማለቱ የሻምፒዮንነት ክብሩን ተነጠቀ። በ1974 ኪንሻሳ ላይ ፎርማንን በስምንተኛው ዙር ዘርሮ መልሶ ወሰደው። ጻፈችው እሷ ናት። እኔ ስፔሊንግ ብቻ እንዳይ ተፈቀደልኝ።

ባለፈው እሑድ ቤታቸው ሄጄ አዲስ ወረቀት ይዛ መጣች። ጉሮሮዋን ጠርጋ አነበበች፦ «ሶቅራጥስ ሐኪም ነበር። በ1982 የዓለም ዋንጫ የብራዚል ቡድን አምበል ነበር። አንዱ ወንድሙ ሶፎክልስ ይባላል።»

ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። በመጨረሻ ሌላ ሰው ተሳሳተ! ጸጉሯን ዳበስኩ። በአዋቂ ድምፅ፣ «የኔ ቆንጆ፣ አየሽ፣ አንቺም ቀላቀልሽው» አልኳት። «ሶቅራጥስ ፈላስፋ ነው፤ መርዝ ጠጥቶ የሞተው። ሐኪሙ ሌላ ሰው ይሆናል። ኳስ ተጫዋቹም ሌላ። ሶፎክልስ ደግሞ የቲያትር ደራሲ ነው። አራት ሰው አንድ አድርገሻል።»

ምንም አልመለሰችም። ወረቀቷን አዞረችው። ጀርባው ላይ ፎቶ ለጥፋለች፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጺማም፣ ቢጫ ማሊያ የለበሰ። ከሥሩ በእርሳስ ጽፋለች፦ «የሕክምና ዲግሪውን የያዘው ኳስ እየተጫወተ ነው። አባቱ መጽሐፍ ስለሚወድ አንዳንድ ልጆቹን በግሪኮች ስም ሰየማቸው። ይህ ሁሉ አንድ ሰው ነው።»

«አንድ ሰው ነው» የሚለው በቀይ ተሰምሮበታል።

«መምህሩ ነው ያሰመረው?» አልኳት።

«እኔ ነኝ» አለች። «አንተ እንደምትመጣ እማዬ ነግራኝ ነበር።»