ለሴንት ሉዊስ ወንዝ የጻፍኩት ደብዳቤ

የምኖረው ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ ነው። በሰሜን በኩል፣ ሆይት ሌክስ አጠገብ፣ የመዳብና የኒኬል ማዕድን ሊከፈት መሆኑን የነገረችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። እሷ ኦጂብዌ ከተባለው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ፣ ከፎን ዱ ላክ ጎሳ ናት። ከማዕድኑ ቦታ የሚወርደው ውሃ ሴንት ሉዊስ ወንዝ ገብቶ በእነሱ መሬት በኩል ያልፍና ሱፔሪየር ሐይቅ ይደርሳል።

እዚያ ያለው መዳብ ሰልፋይድ (የድኝ ውህድ) ባለበት ድንጋይ ውስጥ ነው። ድንጋዩ ተፈጭቶ አየርና ውሃ ሲያገኘው አሲድ ያወጣል። የሚፈለገው መዳብና ኒኬል ከመቶ አንድ እጅ እንኳ ስለማይሞላ የቀረው ሁሉ እዚያው ይከመራል። ከድንጋዩ ወደ ውሃው የሚገባው ሰልፌት የተባለ ጨው ኦጂብዌዎች በታንኳ ሆነው በሁለት ቀጫጭን ዱላ እያራገፉ የሚሰበስቡትን የዱር ሩዝ ይጎዳል፤ ለዚህም ነው ሚኒሶታ በ1973 በሊትር ከ10 ሚሊግራም እንዳይበልጥ የደነገገችው። ሜርኩሪም ዓሣው ውስጥ እንዲገባ ያግዛል። የግዛቱ ጤና ቢሮ በሱፔሪየር ዙሪያ የተወለዱ ሕፃናትን ደም ሲመረምር፣ ከሚኒሶታዎቹ ከ10 በአንዱ ገደማ ሜርኩሪው ከሚገባው በላይ ሆኖ ተገኝቷል። እናት ለሆነ ሰው ይሄ ቁጥር ብቻ አይደለም።

በሜይ 2022 የጦር ሠራዊቱ የመሐንዲሶች ክፍል፣ ለማዕድኑ ሲባል ረግረጉን ለመሙላት በሰጠው ፈቃድ ላይ ካርልተን ውስጥ የሕዝብ አስተያየት ሰማ። እኔ በጽሑፍ አስገባሁ። መጀመሪያ የፎን ዱ ላክን ተቃውሞ አነበብኩ፤ የአገሪቱ የውሃ ሕግ ውሃው ወደ ታች ለሚወርድበት ጎሳ ወይም ግዛት የመቃወም መብት ይሰጣል። ተዘጋጅቶ የሚላከውን ደብዳቤ ግን አልቀዳሁም፣ ምክንያቱም አንድ ዓይነት ደብዳቤ ሺህ ቢሆንም ተጠቅልሎ እንደ አንድ ሐሳብ ነው የሚታየው። ስለ ሁሉም ነገር ከመጻፍ ሜርኩሪን ብቻ ይዤ እንዲህ ብዬ ጠየቅሁ፦ «የሜርኩሪው መጠን ከፎን ዱ ላክ የውሃ ጥራት ደረጃ እንዳያልፍ የሚያደርገው የፈቃዱ አንቀጽ የትኛው ነው?» እንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ ይፈልጋል። ንዴት ብቻ ከሆነ አመሰግናለሁ ተብሎ ይታለፋል።

በጁን 2023 ፈቃዱ ተሰረዘ፤ ምክንያቱም ከታች ያሉት የፎን ዱ ላክ ሰዎች የውሃ ጥራት ደረጃ እንደሚጠበቅ ማረጋገጫ አልነበረውም። ዋናውን ሥራ የሠሩት የፎን ዱ ላክ ሰዎችና የውሃ ባለሙያዎቻቸው ናቸው፤ እኛ ከኋላቸው ቆምን እንጂ። የውጭ ሰው ሆነህ ስትገባ ይሄን ማወቅ በጣም ይጠቅማል፦ ወንዙ የማን እንደሆነ ጠይቅ፣ ከዚያ እነሱ የሚሉትን ስማ።

ኩባንያው እንደገና ማመልከት ይችላል፣ ስለዚህ ነገሩ አላለቀም። እዚህ ያላችሁ ሐበሾች፣ አስተያየት ለመስጠት ዜግነት አይጠየቅም፤ እንግሊዝኛችሁም የተዋበ መሆን የለበትም። የኔን ደብዳቤ ማየት ለሚፈልግ እልካለሁ።