የሳይንስ ዜናን ወደ ምንጩ መልሶ ማንበብ፦ እስካሁን የሠሩና ያልሠሩ ዘዴዎች

ዜና ማጣራት የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚያሳድደው የጋዜጠኛውን ወገንተኝነት ነው። ድካሙ ብዙ፣ ውጤቱ ጥቂት። ግነቱ ብዙ ጊዜ ጋዜጠኛው ዘንድ ሳይደርስ፣ ዩኒቨርሲቲው በሚበትነው ጋዜጣዊ መግለጫ ውስጥ ገብቶ ይመጣል። የካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ20 የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች የወጡ 462 መግለጫዎችን ከጥናቶቹና ከዜናዎቹ ጋር አስተያይተዋል። በእንስሳት ላይ የታየውን ውጤት መግለጫው ለሰው ሲያደርገው 86 በመቶው ዜናም ተከተለው፤ መግለጫው ሲቆጠብ ግን ያጋነነው ዜና 10 በመቶ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ሦስት ጽሑፎችን ጎን ለጎን ከመክፈት ነው፦ ጥናቱ፣ መግለጫው፣ ዜናው። መግለጫውን ዩሬካለርት (የሳይንስ ጋዜጣዊ መግለጫዎች የሚሰበሰቡበት ድረ ገጽ) ላይ፣ ጥናቱን ፐብሜድ (የሕክምና ጥናቶች ማውጫ) ወይም ጉግል ስኮላር ላይ ፈልጉ። ጥናቱ በክፍያ የተቆለፈ ከሆነ፣ አንፔይዎል የተባለው የብራውዘር ተጨማሪ በሕጋዊ መንገድ የተለቀቀ ቅጂ ካለ ያመጣል። ከሌለም አብስትራክቱ (የጥናቱ አጭር ማጠቃለያ) አብዛኛውን ጊዜ በነጻ ይነበባል።

ፍለጋው የሚከሽፍባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው ስም ነው፤ የተመራማሪው ስም በፊደላችን ከተጻፈ በኋላ ወደ ላቲን ስንመልሰው ሦስት አራት ዓይነት ይሆናል። ስሙን ትቶ የጆርናሉን ስም፣ ወሩንና የተጠናውን ነገር መፈለግ ይሻላል። ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ‹‹በ2008 የወጣ ጥናት›› የሚለው የእኛ 2008 ከሆነ ፐብሜድ ላይ 2015 ወይም 2016 ሥር ነው የሚገኘው።

ሦስቱ ከተገኙ በኋላ የዋናውን ዓረፍተ ነገር ማሰሪያ ግስ አስምሩበት። ጥናቱ ‹‹ተያይዞ ታይቷል›› ይላል፤ መግለጫው ‹‹ሊጨምር ይችላል››፤ ዜናው ‹‹ይጨምራል››፤ ቴሌግራም ሲደርስ ‹‹ይገድላል››። ግሱ የትኛው እጅ ላይ እንደተቀየረ መመዝገብ፣ ‹‹ዜናው ውሸት ነው›› ብሎ ከመደምደም የበለጠ ያስተምራል።

ከሁሉም የሚያስቸግረው ቁጥሩ ነው። ጥሩ መለማመጃ የሚሆነው የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በጥቅምት 2015 እ.ኤ.አ. ስለ ሥጋ ያወጣው ውሳኔ ነው። በየቀኑ 50 ግራም በፋብሪካ ወይም በጨውና በጭስ የተዘጋጀ ሥጋ መብላት የአንጀት ካንሰር ስጋትን በ18 በመቶ ይጨምራል ተባለ። ‹‹ከስንት ላይ?›› ብላችሁ ጠይቁ። ለምሳሌ ከ100 ሰዎች በዕድሜ ዘመናቸው 5ቱ የሚታመሙበት አገር ቢሆን፣ የ5ቱ ሰዎች 18 በመቶ 0.9 ነው፤ 5 የነበረው ወደ 6 ይጠጋል ማለት ነው። ብዙ ዜናዎች ደግሞ ይህ ሥጋ ከትንባሆ ጋር በምድብ 1 (ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ) መቀመጡን አይተው ‹‹እንደ ሲጋራ አደገኛ›› አሉ። ምድቡ የሚለካው የማስረጃውን ጥንካሬ ነው እንጂ የጉዳቱን መጠን አይደለም። (ቋንጣ ወዳጆች፦ ኤጀንሲው ከሰጣቸው ምሳሌዎች አንዱ የደቡብ አፍሪካው ቢልቶንግ ነው፤ ቅርብ ዘመድ ነው። ያልተዘጋጀው ቀይ ሥጋ ግን ምድብ 2ኤ፣ ማለትም ‹‹ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም›› የሚለው ነው።)

ቡናም በዚያው ኤጀንሲ እጅ አልፏል። እ.ኤ.አ. በ1991 ‹‹ካንሰር ሊያመጣ ይችላል›› በሚለው ምድብ ነበረ፤ በ2016 ከዚያ ወጣ። በምትኩ ምድብ 2ኤ የገባው ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሆኖ የሚጠጣ ማንኛውም ትኩስ መጠጥ ነው። የድሮው ዜና ዛሬም እንደ አዲስ ስለሚዞር፣ ከይዘቱ በፊት ቀኑን ማየት ያስፈልጋል።

በትንሽ ናሙና ላይ ‹‹ስንት ሰው?›› ብቻ ሳይሆን ‹‹ስንት ነገር ተለካ?›› ብላችሁም ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ2015 ጋዜጠኛው ጆን ቦሃነን ሆን ብሎ ባሰናዳው ‹‹ቸኮሌት ያከሳል›› ጥናት 15 ሰዎች ላይ 18 ነገሮች ተለኩ። በተለመደው የ5 በመቶ መስፈርት፣ ልኬቶቹ እርስ በርስ የማይገናኙ ቢሆኑ፣ ቢያንስ አንዱ በአጋጣሚ ‹‹ጉልህ›› (የእውነት ውጤት የሚመስል) የመሆን ዕድሉ 60 በመቶ ገደማ ነው። ጋዜጦች ግን ተቀባብለው ጻፉት።

ወገንተኝነትን ለመመዘን ሁለት ቦታ ማየት በቂ ሆኖ አግኝተነዋል። አንዱ ከጥናቱ መጨረሻ ያለው የገንዘብ ምንጭና የጥቅም ግጭት መግለጫ ነው። ሌላው ዜናው ከጥናቱ ውጭ ያለ ባለሙያ ማናገሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ‹‹ሉሲ ከዛፍ ወድቃ ሞተች›› የሚል ጥናት ኔቸር የተባለው የሳይንስ ጆርናል ላይ ሲወጣ፣ አጥንቷን ሐዳር ላይ ያገኛት ዶናልድ ጆሃንሰን አልተቀበለውም፤ እንዲህ ያለ ስብራት በሌሎች የዱሮ አጥንቶችም ይታያል የሚል ነበር ክርክሩ። የእሱን ወይም የመሰሎቹን ድምፅ ያካተተ ዜናና ያላካተተ ዜና ሁለት የተለያዩ ታሪኮች ናቸው።

ያልተፈታልን አርዕስቱ ነው። አርዕስት ብዙ ጊዜ የሚወጣው በአርታኢው እንጂ በጸሐፊው አይደለም፤ ስለዚህ አሁን ያጣራናቸውን ዜናዎች በምንጽፍበት መዝገብ ለአርዕስቱና ለሐተታው ለየብቻ ነጥብ እየሰጠን ነው።