ይሉኝታ የሚባለው ወጪ

ቀሚሱ አሁንም ቁም ሳጥኑ ውስጥ ተሰቅሏል። ወርቃማ ጥለት ያለው የሐበሻ ቀሚስ ነው፤ አንድ ቀን ብቻ ነው የለበስኩት። በ2015 ግንቦት ላይ አንዷ ባልደረባችን ስታገባ የቢሮው ሴቶች በሙሉ አንድ ዓይነት እንልበስ ተባለ። 4,800 ብር። እኔ የዚያን ወር ደመወዜን ጨርሻለሁ። «እኔ ይቅርብኝ» የሚለው ቃል ግን እንዴት ብሎ ከአፌ ይውጣ! ከእህቴ ተበድሬ ከፈልኩ። ሠርጉ ላይ ጨፈርኩ፣ ፎቶ ተነሳሁ። ማታ ቤቴ ስገባ ልጆቼ ዳቦ በሻይ በልተው ተኝተዋል። ባለቤቴ ምንም አላለኝም። ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

እኔ የአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ባለቤቴ ብረታ ብረት ቤት ተቀጥሮ በርና መስኮት ይበይዳል። የሁለታችን ተደምሮ ያኔ ወደ 14 ሺህ ብር ነበር። የእሱ ሥራ አንዳንዴ ስለሚቀዘቅዝ «ወደ» ማለት ግድ ነው። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ መኝታ ተከራይተን እንኖራለን፤ ኪራዩ ያኔ 5,500 ብር ነበር። ሁለት ልጆች አሉን። የቀረውን ሒሳብ እናንተ ሥሩት።

ስለ ቁጠባ ብዙ ምክር ሰምቻለሁ። «በየቀኑ የምትጠጡትን ማኪያቶ ብትተዉ በዓመት ይህን ያህል ይተርፋችኋል» ይላሉ። የምተወው ማኪያቶ ከየት ላምጣ? ስለዚህ ምክሩን ትቼ የልጄን ያለቀ ደብተር አነሳሁና ከኋላ በኩል መጻፍ ጀመርኩ። ገጹን በማስመሪያ ሦስት ቦታ ከፈልኩት፦ ለሆድ፣ ለመንገድ፣ ለሰው። ሦስተኛውን ያስገባሁት ቦታ ስለተረፈኝ ነው እንጂ ብዙ ይጻፍበታል ብዬ አልነበረም።

ሰኔ ሲያልቅ ደመርኩት። እድር 100። አራስ ጥየቃ 450። የአለቃችን ልደት መዋጮ 200። ወደ ሌላ ክፍል ለተዛወረ ሰው መሸኛ 300። «ዛሬ የኔ ተራ ነው» ብዬ የከፈልኩት ምሳ 620። የልጄ የክፍል ጓደኛ ልደት ስጦታ 350። ለቀሚሱ ዕዳ ለእህቴ የመለስኩት 1,000። ሌላ ጥቃቅን 120። ጠቅላላ 3,140 ብር። በዚያው ወር ለጤፍ ካወጣነው ይበልጣል። ያውም ጤፍ ኩንታሉ 10 ሺህ ብር በተሻገረበት ዓመት!

ደብተሩን ለባለቤቴ አሳየሁት። ቁጥሩን በጣቱ እየነካ ሁለት ጊዜ አነበበውና «እንግዲህ ሦስተኛ ልጅ አለን ማለት ነው» አለ። ሳቅን። ከብዙ ጊዜ በኋላ ስለ ገንዘብ አውርተን የሳቅንበት የመጀመሪያ ቀን ያ ይመስለኛል።

«እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» የሚለውን እየሰማሁ ነው ያደግኩት። የሚገርመው ግን ጎረቤቶቼ አንድም ቀን አላስጨነቁኝም። ፊት ለፊቴ ያለችው የአቤል እናት ከእኔ ባነሰ ብር ሦስት ልጅ ታሳድጋለች፤ የለኝም ብላ የምታፍረው ነገር አላየሁባትም። እኔን ያስጨነቀኝ ቢሮ ነው። በደመወዝ እምብዛም የማይበልጡኝ ሰዎች መሃል ቁጭ ብዬ የሌለኝን እንዳለኝ ሳሳይ ነበር። እነሱም እንደኔው ሲያሳዩ እንደነበር በኋላ ነው የገባኝ።

ከ«ለሰው» ገጽ ውስጥ መጀመሪያ የማይነካውን ለየሁ። እድር አይነካም። ለቅሶ አይነካም። አራስም ጎረቤትና ዘመድ ከሆነች አትቀርም። ግን 450 ብር ያወጣሁት የታሸገ ስጦታ ገዝቼ ነው፤ አራሷ የምትፈልገው ገንፎ ነው። አሁን የገብስ ዱቄት ከቤቴ ይዤ እሄዳለሁ፣ እዚያው አገነፋለሁ፣ ዕቃም አጥቤ እመለሳለሁ። የቀረው፣ ማለትም የምሳ ተራው፣ መዋጮው፣ የልደት ስጦታው፣ እሱ ነው መቆረጥ ያለበት። መቁረጥ ማለት ደግሞ ሰው ፊት «አልችልም» ማለት ነው።

አልቻልኩበትም። መጀመሪያ ላይ ያደረግኩት መደበቅ ነው። ምሳ ዕቃዬን በፌስታል ጠቅልዬ አመጣለሁ። ስድስት ሰዓት ሲሆን «ዛሬ የሚያልቅ ፋይል አለብኝ» እላቸውና እነሱ ሲወጡ መዝገብ ቤቱን ከውስጥ እዘጋለሁ። መደርደሪያዎቹ መሃል፣ የ1990ዎቹ ፋይሎች በገመድ ታስረው ከተከመሩበት ጥግ፣ የተገለበጠ ካርቶን ላይ ቁጭ ብዬ የቀዘቀዘ ሽሮዬን እበላለሁ። የአሮጌ ወረቀት ሽታና የሽሮ ሽታ ተደባልቆ ምን እንደሚመስል እኔ ነኝ የማውቀው። አንድ ቀን በሩን መቀርቀር ረሳሁ። የጽዳት ሠራተኛችን፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ መጥረጊያቸውን ይዘው ገቡ። እንጀራው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

«ውይ ልጄ፣ ብቻሽን? እንደ ሌባ?» አሉኝ።

ምንም ቃል አልወጣኝም። ወጥተው ሄዱ። ሊያወሩብኝ ነው ብዬ ላብ አጠመቀኝ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ የራሳቸውን ምሳ ዕቃ ይዘው ተመለሱ። ጎመን በበቆሎ ቂጣ ነበር። ካርቶን ገልብጠው አጠገቤ ቁጭ አሉና ጎረሱ፤ አጎረሱኝም። በማግስቱም መጡ። በሳምንቱ ከሒሳብ ክፍል አንዷ ልጅ «እኔም ከቤት ይዤ ነው የምመጣው፣ የት እንደምበላ ቸግሮኝ ነው» ብላ ገባች። ጥቅምት ላይ ስድስት ሆንን። አሁን አንድ ትርፍ ወንበርና ፔርሙዝ አለን። ሬስቶራንት ቁጭ ብዬ ሒሳብ ሲመጣ ልቤ ይመታ እንደነበር ሳስበው፣ የምበላውን አላጣጥመውም ነበር።

ወደ ቤት ልመለስ። የምግቡ ነገር ከሰው ነገር ይቀላል፤ እጅ ብቻ ነው የሚፈልገው። ጤፉን ከዘንጋዳ ጋር ማስፈጨት ጀመርኩ፦ ሦስት እጅ ጤፍ፣ አንድ እጅ ዘንጋዳ። አብሲቱ በደንብ ከተጣለ ዓይኑ ጥሩ ይወጣል። ችግሩ በሦስተኛው ቀን እየደረቀ ይሰነጣጠቃል። ቶሎ ቶሎ መጋገር ደግሞ ምጣዱ ቆጣሪውን ይበላዋል። መላውን ያመጣችው የአቤል እናት ናት። እሷ ማክሰኞ ትጋግራለች፣ ግማሹን ትሰጠኛለች። እኔ ዓርብ እጋግራለሁ፣ ግማሹን እሰጣታለሁ። ምጣዱ አንዴ ከጋለ አይቀር አርባውን እንጀራ በአንድ ሙቀት ማውጣት ነው። ሁለት ቤት ሁልጊዜ ለስላሳ እንጀራ ይበላል።

ሽሮና በርበሬ ከገበያ መግዛት ተውኩ። የተዘጋጀ ሽሮ ርካሽ ሲሆን ውስጡ ጓያ ይኖር ይሆናል እያልኩ እሰጋለሁ፤ ጓያ ሲበዛ እግር እንደሚያሽመደምድ ማን ያጣዋል? በሳምንት 200 ብር የምጥለው እቁብ ነበረኝ። ዕጣዬ ጥር ላይ እንዲሆንልኝ ዳኛውን ለመንኩ። አዲስ እህል ገበያ በሚገባበት ሰሞን ሽንብራውን፣ አተሩንና ዛላውን ባንዴ ገዛሁ። ዛላውን ኮሚናሉ፣ ማለትም የጋራ መጠቀሚያው ቤት፣ ደጃፍ ላይ ሸራ አንጥፈን አሰጣነው። አራት ሴቶች ነበርን፤ ቀኑን ሙሉ ስንቀነጥስ፣ ስናስነጥስ፣ ስንሳሳቅ ዋልን። ማታ እጄ አቃጠለኝ፤ ዓይኔን እንዳልነካው ጓንት አድርጌ ነው የተኛሁት። የዚያን ዓመት ግን ወጥ አልጎደለብንም። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ሁዳዴው 55 ቀን ነው። ጾሙን ለነፍሴ ነው የምጾመው፤ ለኪሴም እንደሚጠቅም ብናገር እግዚአብሔር የሚቀየመኝ አይመስለኝም።

ስስት ያበላሸብኝም አለ። እሁድ ገበያ ወደ ማምሻው ላይ ዋጋ ይወርዳል። አንድ እሁድ ቲማቲም ርካሽ አገኘሁ ብዬ 10 ኪሎ ተሸክሜ አራት ፎቅ ወጣሁ። ፍሪጅ የለንም። ረቡዕ ዕለት ግማሹ ውሃ ሆነ። ልጆቼ አምስት ቀን ሙሉ ቲማቲም ለብለብ በልተው ስድስተኛው ቀን ላይ አመፁ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ኪሎ ነው የምገዛው፤ ዋጋው ምንም ያህል ቢያጓጓኝ።

መንገዱም እንደዚሁ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆንኩ የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ በነጻ ያደርሰኛል። ካመለጠኝ ግን ሁለት ታክሲ ነው። ስለዚህ ቁጠባዬ የሚጀምረው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከብርድ ልብስ ስወጣ ነው። ይህን ወድጄው አላውቅም።

የልደቱን ነገር ልናገር። ልጄ ስምንት ዓመት ሲሞላት ቶርታ አልገዛሁም። ድፎ ዳቦ ጋገርኩ፣ ሻማ ተከልኩበት፣ የጎረቤት ልጆች ጠራሁ። ሻማውን እፍ ካለች በኋላ መኝታ ቤት ገብታ አለቀሰች። «የሁሉም ሰው ቶርታ ነው» አለችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት? እኔ ራሴ በ34 ዓመቴ ለቀሚስ የተበደርኩ ሰው ነኝ። በዓመቱ ትንሿን ቶርታ ገዛንላት። ደብተሩ ላይ «ለሆድ» ውስጥ ነው የጻፍኳት።

በዓል ላይ ደግሞ በግ ቀረ። የ2016 ፋሲካ ላይ የብሎካችን ሰዎች ቅርጫ ገባን። አንድ መደብ ለብቻችን ስለከበደን ከአቤል እናት ጋር ለሁለት ተካፈልነው። ኮሚናሉ ውስጥ ቅጠል ላይ መደቡ ተደርድሮ ዕጣ ሲወጣ ባለቤቴ እንደ ሕፃን ነው የሚሆነው። «ጎድኑ ለኛ ደረሰ!» ብሎ ከታች ሲጮህ እኔ አራተኛ ፎቅ ሆኜ ሰማሁት። ለብቻችን በግ በገዛንባቸው ዓመታት እንዲህ ሲጮህ አልሰማሁም። በዱቤ የተገዛ በግ አያስጮህም መሰለኝ።

ይህን ስላችሁ ሁሉም ነገር በብልሃት ይያዛል ማለቴ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዘይቱም ሳሙናውም የባለቤቴ የብየዳ ኤሌክትሮድም ዋጋ ሲጨምር፣ ያ ሁሉ ደብተር፣ ያ ሁሉ ዘንጋዳ ምን አደረገልኝ ብዬ ተናድጃለሁ። የደሃን ቤት «ብልሃት አጥታችሁ ነው» የሚል ሰው ሲገጥመኝ አሁንም እናደዳለሁ። እኛን ከመንገዳገድ ያዳነን በዚያው ዓመት የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ነው። ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ስለሚል አከራያችን እንደ ልቧ መጨመር አልቻለችም። እሷም ጡረተኛ ናት፣ በእኛ ኪራይ ነው የምትኖረው፤ አልፈርድባትም።

ያም ሆኖ የሆነ ነገር ተቀይሯል። መቼ እንደገባኝ ልንገራችሁ። ከብሎካችን ሥር ያለው ሱቅ የዱቤ መዝገብ አለው፤ ሽፋኑ በፕላስተር የተለጠፈ ትልቅ ደብተር። የእኛ ስም እዚያ ላይ ሦስት ዓመት ቆይቷል። ለባለሱቁ ሰላምታ ስሰጥ ዓይኑን አላየውም ነበር፤ አንዳንዴ በሌላኛው ደረጃ ዞሬ እወጣለሁ። የ2016 መጨረሻ ላይ የቀረውን 740 ብር ከፈልኩት። እስክሪብቶውን አንስቶ ገጹን ከጥግ እስከ ጥግ ሰረዘው። «አሁን ደግሞ አዲስ ገጽ ልክፈትልሽ?» ብሎ ቀለደ። ሁለት ሳሙና በካሽ ገዛሁና በዋናው ደረጃ ወጣሁ። ያን ቀን ፎቁ አልደከመኝም።

በ2017 ጥር ላይ ሌላዋ ባልደረባችን አገባች። ወረቀቱ ዞረ፤ አረንጓዴ ጥለት፣ 6,500 ብር። ስሜ ጎን «ልብሱ ውስጥ የለሁበትም፣ ለሙሽራዋ 500 ብር» ብዬ ጻፍኩ። እጄ ትንሽ ተንቀጥቅጧል። ሠርጉ ላይ ነጩን የአውዳመት ቀሚሴን ለብሼ ሄድኩ፤ ወርቃማውን ለልጄ አስጠብበዋለሁ እያልኩ ትቼዋለሁ። ከሳምንት በኋላ ሙሽራዋ ፎቶውን ይዛ መዝገብ ቤት መጣች። አሥራ አንድ ሴት አረንጓዴ፣ መሃል ላይ እኔ ነጭ።

«አንቺን ለመፈለግ የሚቸገር የለም» አለችና ሳቀች።

እኔም ሳቅኩ። ትንሽ ጠቅ አድርጎኛል፣ አልዋሽም። ከዚያ ወንበር ሳብኩላት፣ እትዬ ቂጣ ቆረሱላት፣ ምሳ ሰዓት ነበር።