የመጀመሪያው ነው፣ ውሃ አምጪለት

ይቺ ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለች። ሻወር ስገባ ትመጣለች። ሊፍት ስጠብቅ ትመጣለች።

ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ስበር ነው። አንብቤ፣ ተዘጋጅቼ ነበር የተሳፈርኩት። ርቀቱ ከ11,500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቲኬቱ ማታ ተነስቶ በማግስቱ ጠዋት ይደርሳል ስለሚል የዋህ ሰው 10 ሰዓት ይመስለዋል። የሁለቱ ከተሞች የ7 ሰዓት ልዩነት ሲደመርበት ግን ወደ 17 ይጠጋል።

አጠገቤ ነጠላ የለበሱ እናት ተቀመጡ። አንጀቴን በሉት። «አይዞዎት እማማ» ብዬ ኪሎ ሜትሩንም ሰዓቱንም ዘረገፍኩላቸው። እሳቸው «እሺ የኔ ልጅ» እያሉ ጫማቸውን አውልቀው ወፍራም ካልሲ አጠለቁ። ካልሲ ከእጅ ቦርሳው የሚያወጣ ሰው ለበረራ እንግዳ እንዳልሆነ ማን ይንገረኝ?

ጭራሽ ካርታውን ከፈትኩላቸው። እስክሪኑ ላይ ያለውን አውሮፕላን መጠን ማን እንደወሰነው እንጃ። አፍንጫው ግብፅ ገብቷል፣ ጭራው ገና ቦሌ ነው። አንዱ ክንፍ ዳርፉር፣ ሌላው የመን። በዚህ ሒሳብ ቢዝነስ ክላሶች አስዋን ላይ ወይን ይጠጣሉ። ሽንት ቤቱ ካርቱም ነው። እኛ የ38ኛው ረድፍ ሰዎች ጎንደርን አላለፍንም። የሚያለቅሰው ሕፃን ደብረ ማርቆስ ነው ያለው። ብጠብቅ፣ ብጠብቅ፣ ንቅንቅ የለም።

ይኼን እያስረዳሁ ሆስተሷ መጣች። «እማማ! ዘንድሮም መጡልን? ልጅዎ ደህና ናት?» ብላ አቀፈቻቸው። እሳቸውም በአገጫቸው ወደ እኔ ጠቆም አድርገው፣ «የመጀመሪያው ነው፣ ውሃ አምጪለት። ብዙ አወራ።»

ከፊት ያሉት ሳቁ። ከኋላ ያሉትም ሳቁ። ውሃው መጣ። ጠጣሁ፤ ምን ላድርግ?

ደብሊን ነዳጅ ልንቀዳ አረፍን። ማንም አይወርድም። «ለምን እንደምንቆም ታውቃለህ?» አሉኝ። አውቃለሁ! አፌን ሳልከፍት ቀጠሉ። «ቦሌ ደጋ ነው፣ ከ2,300 ሜትር በላይ። አየሩ ስስ ነው። ሙሉ ሰው፣ ሙሉ ጭነት፣ ሙሉ ነዳጅ ይዞ አይነሳም። ደለስ፣ የዋሽንግተኑ ኤርፖርት፣ ደግሞ ቆላ ነው። ስትመለስ ጢም አድርጎ ሞልቶ፣ ቀጥ ብሎ ቦሌ፤ 13 ሰዓት ገደማ።» ከዚያ ገረፍ አድርገው አዩኝና፣ «አንተስ ስንት ኪሎ ጫንክ?»

ቁስሌን ነኩት። ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ይዣለሁ። የእኔ ሱሪና ሸሚዝ ብቻ ነው። የቀረው የሰው በርበሬ፣ የሰው ሽሮ፣ የሰው ድርቆሽ። «ትንሽዬ ዕቃ ናት» የሚሉ ሰዎች ሚዛን አይተው ያውቃሉ? «ቦታ ካለህ ብቻ» ብለው እምቢ ካልካቸው የሚያኮርፉትስ? አየሩ ሳስቶ ነው ይባላል እንጂ ደብሊን የምንቆመው በእነሱ ሽሮ ነው።

ደለስ ደረስን። ሌሊቱን ሙሉ በኮሪደሩ ሲንጎራደዱ ያደሩት እማማ በሩ ላይ ሲደርሱ ድንገት ማንከስ ጀመሩ። ዊልቸር ይጠብቃቸዋል። የፓስፖርቱ ሰልፍ እንደ እባብ ተጠማዟል፤ እኔ ጭራው ላይ ነኝ። በጎኔ እየተገፉ ሲያልፉ ነጠላቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉልኝ።

«በሚቀጥለው ዊልቸር አስይዝ።»